ፍሬን የሌለው ጋቢና

የራሱን ስም የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ከተማው በሙሉ የሚያውቀው «ጋሽ ፍሬን» በሚለው ነው፤ ስሙን ያወጡለትም ለማጆቹ ናቸው። ዕድሜውን መኪና መንዳት ሲያስተምር የጨረሰ ሰው ነው። ቦታው ጋቢና ነው፣ በለማጁ ቀኝ፤ እግሩ ስር ደግሞ የአስተማሪ ፍሬንና ፍሪሲዮን ተገጥሞለታል። ነዳጅ መስጫ በዚያ በኩል የለም፤ አያስፈልግማ። ለማጁ ገና ሳይደነግጥ የእሱ ቀኝ እግር ፍሬኑን ረግጦት ይገኛል። ድመት ብትሻገር ፍሬን፣ ጥላ ቢያይ ፍሬን፣ ለማጁ በረጅሙ ቢተነፍስም ፍሬን። በእሱ እጅ ተምሮ ግንባሩን ያላጋጨ ሰው የለም እያሉ ያሙታል። «ግንባርህ አብጦም ቢሆን ቤትህ ገባህ አይደል? ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ነው መልሱ። ከእሱ ጋር ተቀምጦ ሰው የገጨ ለማጅ ግን አንድም የለም። ይህን ሲናገር ደረቱ ይነፋል፤ ቢነፋም ይገባዋል።

ችግሩ እግሩ ከመኪና ወርዶም አለማረፉ ነው። ታክሲ ተሳፍሮ የፊተኛውን ወንበር በእግሩ ሲገፋ ሹፌሮቹ «ጋሼ፣ ወገቤን» ይሉታል። ሻይ ቤት ተቀምጦ ብስክሌት ሲከንፍ ካየ ከጠረጴዛው ስር ወለሉን ይረግጣል፤ ብርጭቆው ይናወጣል፣ አስተናጋጇ ትስቃለች። ሚስቱ ሆስፒታል በተኛች ጊዜም አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ቀኝ እግሩ ወለሉን ሲረግጥ ሰነበተ። እሷም አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄኛው እኮ አይቆምም» አለችው፤ ድምጿ ተዳክሞ ነበር፣ ግን እየሳቀች ነው። እንዳለችውም አልቆመም። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፍሬን እግሩን ባየው ቁጥር ይናደድበታል።

እሷ ከሞተች በኋላ ነገሩ ሁሉ እየተከታተለ ከእጁ ወጣ። አከራዩ ቤቱን ለልጄ ልሰጠው ነው አለ። ቀጥሎ የመንጃ ትምህርት ቤቱ ባለቤት፣ ያውም መሪ አያያዝ ጋሽ ፍሬን ራሱ ያስተማረው ሰው፣ ቢሮ ጠርቶ ወንበር ስቦ አስቀመጠው። አለቃ በገዛ እጁ ወንበር ሲስብ ደህና ወሬ እንደሌለው ጋሽ ፍሬን አያጣውም። ለማጆች አሁን አውቶማቲክ መኪና ነው የሚፈልጉት፣ ወጣት አስተማሪ ነው የሚፈልጉት፣ ብሎ ጠረጴዛውን እያየ ተናገረ። የሚያስተምርባት መኪና የጋሽ ፍሬን የራሱ ናት። የጋቢናው ፔዳሎች ግን የትምህርት ቤቱ ነበሩ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ንብረት ሆኖብን ነው» አለው። መካኒኩ ወንበሩ ስር አጎንብሶ ሲፈታቸው ጋሽ ፍሬን በሩን ይዞ ቆሞ ጠበቀ። ሲያልቅ ጋቢናው ውስጥ የቀረው የብሎኖቹ ቀዳዳና በተረከዙ ተበልቶ የሳሳ ምንጣፍ ነው።

ልጁ የምትኖረው ሙሉ ቀን በሚያስነዳ መንገድ ርቃ ነው። አንድ ልጁ ናት፤ ባል አላት፣ ሥራ አላት፣ ልጅም ወልዳለች። በየሳምንቱ ትደውላለች።

«አባዬ፣ ና እኛ ጋ ኑር። ክፍሉ ተዘጋጅቷል፤ መስኮቱ ወደ ግቢ ነው።»

«መጥቼ ምን ልሠራ? መስኮት ልጠብቅ?»

አባቷን ታውቀዋለች። «እዚህም እኮ መንጃ ትምህርት ቤት አለ» አለችው። «አስተማሪ ይፈልጋሉ፤ ስላንተ ነግሬያቸዋለሁ።»

ጋሽ ፍሬን ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወረ። «እንግዲያው እመጣለሁ። ግን በአውቶብስ አይደለም። ነድቼ ነው የምገባው።»

«ቢያንስ ሰው ይዘህ ና።»

«ሰው ስይዝ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን እንኳ ብቻዬን ልሂድ እንጂ።»

ነገሩ ኩራት ብቻ አልነበረም። ጋሽ ፍሬን በልቡ የቆረጠው እንዲህ ነው፦ ወደ ልጁ ግቢ በራሱ መኪና ነድቶ ከገባ፣ ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው ነው። ተጭኖ ከገባ ግን ዕቃ ነው። ዕቃ ደግሞ የሚቀመጥበትን የሚመርጥለት ሌላ ሰው ነው።

ለልጁ ያልነገራት ነገር አለ። ዓይኑ ከዳርና ከዳር እየተዘጋ ነው። ፊት ለፊት ያለውን ጥርት አድርጎ ያያል፤ ጋዜጣ ያነባል፣ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። ጎኑ ግን የለም። ጨለማ ቢሆን እንኳ ጨለማ መሆኑ ይታወቃል፤ ይሄ ዝም ብሎ አለመኖር ነው። ሐኪሟ «ግላኮማ ነው ጋሼ። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው» አለችው። ቀጥላም «መኪና ይነዳሉ?» ብላ ጠየቀችው። «ድሮ» አላት። ዕድሜ ልኩን «ጎን እይ! ጎን እያልኩህ!» ሲል የኖረ ሰው፣ ይህን ለማን ብሎ ይናገረዋል? ጠብታውን ኪሱ ከቶ ወጣ።

የተነሳው በማለዳ ነው። ፍራሹን ጣሪያው ላይ አሰረ፣ ልብስና ድስቱን ከኋላ አጨቀ፣ የሚስቱን የልብስ ስፌት መኪና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ አስቀመጠ። ጋቢናውን ባዶ ተወው። ቦታ ጠቦት ወንበሮቹን ለጎረቤት እስከመስጠት ቢደርስም፣ እዚያ ላይ ዕቃ ለመጫን እጁ እሺ አላለውም። ጎረቤቱ ዳቦና ውሃ በመስኮት አቀበለችው።

«ብቻህን ነህ እንዴ ጋሼ?»

«ብቻዬን ነኝ። ዛሬ ግንባሩን የሚጋጭ የለም» አላት። እሷ ሳቀች፤ እሱ ቁልፉን አስገብቶ አስነሳ።

ከከተማው እስኪወጣ ሰላም ነበር። የዚያን ከተማ መንገድ ዓይኑን ጨፍኖም ያውቀዋል፤ እውነቱን ለመናገር ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግማሹን ጨፍኖ ነው ሲሄድበት የቆየው። ጉዱ የመጣው የሚያውቀው መንገድ ሲያልቅ ነው። የመኪና አስተማሪ ሲባል መኪና ሲነዳ የኖረ ይመስለናል። አልነዳም። ሲያስነዳ ነው የኖረው። አሁን በግራው ወንበር ሆኖ ሲያየው ነገር ሁሉ ቦታውን የለቀቀ መሰለው፤ ጋቢና የተቀመጠ እየመሰለው መኪናዋን ወደ ዳር ይስባታል፣ ጎማዋ ጠጠር ሲነካ ደግሞ ደንብሮ መሃል ይገባል። አንድ ጎረምሳ የጭነት መኪና ሹፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ተማር እንጂ ሰውዬ!» ብሎት አለፈ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሽ ፍሬን ተከትሎት ሄዶ መልሱን ይሰጠው ነበር። አሁን ግን ዋጥ አደረገው፤ ጎረምሳው ተሳሳተ ሊል አልቻለም።

እንደ ለማጅ ራሱን ማዘዝ ጀመረ። «መሪ በሁለት እጅ። ስፖኪዮ። ፍሬቻ። ጎን።» ጎኑን ለማየት ግን አንገቱን እስከ ትከሻው ማዞር አለበት። ግራውን ሲፈልግ ቀኙ ይጠፋዋል፤ ቀኙን አግኝቶ ሲመለስ ፊት ለፊት ያለው ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሰዎች ከየት እንደመጡ ሳያውቅ ድንገት መስታወቱ ላይ ይፈጠራሉ፣ መልሰውም ይጠፋሉ። ፈራ። በዚህ ዕድሜው መኪና ፈራ። መመለስ አሰበና ወዴት እንደሚመለስ ጠፋው፤ የቤቱን ቁልፍ አስረክቦ ነው የወጣው። ወደፊት የሚሄደው ደፍሮ አይደለም። የሚቆምበት ስላጣ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ነዳጅ ማደያ ገባና አስሞልቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ። በሩን ከፈተ፣ ተቀመጠ፣ ዘጋ፣ ቀበቶውን አሰረ። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ከኋላው መኪናዎች ተሰለፉ፤ ጥሩምባው ቀለጠ። ነዳጅ ቀጂው መጥቶ መስኮቱን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ሹፌሩ ቆየ እንዴ?»

ጋሽ ፍሬን ወደ ግራው ዞረ። ወንበሩ ባዶ ነው። ጋቢና ነው የተቀመጠው፤ እግሩም የሌለውን ፍሬን ረግጧል።

«ሹፌሩ እኔ ነኝ» አለ።

ነዳጅ ቀጂው መጀመሪያ ሊስቅ ነበር፣ ፊቱን ሲያየው ተወው። በሩን ከፍቶለት በፊት በኩል እስኪዞር ክንዱን ያዘው። ክንዱን መያዙ ጋሽ ፍሬንን ከጥሩምባው ሁሉ የበለጠ አሳመመው።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት መጣች። ከአንዲት ትንሽ መንደር መውጫ ላይ፣ ከግራ በኩል ካለ የእግር መንገድ፣ አንድ ቀለም ቀቢ በብስክሌት ወደ አስፋልቱ ይገባል። ብሩሾቹን ወገቡ ላይ ሸጉጧል፣ መሪው ላይ የነጭ ቀለም ባልዲ አንጠልጥሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ከሩቅ ያየው ነበር። ጋሽ ፍሬን ያየው ከኮፈኑ ፊት ሲደርስ ነው።

ያን ጊዜ እግሩ የለመደውን አደረገ። ስንት ዘመን ሙሉ ያ ቀኝ እግር ስሩ ያለው አንድ ፔዳል ብቻ ነበር፣ እሱም ፍሬን። ጋሽ ፍሬን ባለበት ቀጥ አድርጎ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። የረገጠው ግን ነዳጁን ነው።

መኪናዋ ጮኻ ዘለለች። መሪውን ወደ ቀኝ ሲጠመዝዝ የብረት መታጠፍ ድምፅ ሰማ፣ መስታወቱ ነጭ ሆነ፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ፍራሹ ከጣሪያው ተንሸራቶ ኮፈኑ ላይ ወደቀ። ጋሽ ፍሬን እጁ መሪው ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። ወርዶ ማየት አለበት፤ አልወረደም። ገድዬዋለሁ አለ በልቡ። ሌላ ምንም አላሰበም።

በሩን የከፈተው ቀለም ቀቢው ራሱ ነው። ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ ሆኗል።

«ነፍስ አለህ?» አለው ጋሽ ፍሬን።

«እኔስ ዘልዬ ወርጄ ተርፌያለሁ። ቀለሙ ነው የሞተው» አለ ሰውየው፤ ሊሳደብም የፈለገ ይመስል ነበር። ቀጥሎ የሽማግሌውን እጅ አየው፤ አሁንም መሪውን አልለቀቀም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አላየኸኝም እንዴ ጋሼ?»

«አላየሁህም። ከየት መጣህ?»

«ከጎንህ ነዋ።»

«ጎን አይታየኝም» አለ ጋሽ ፍሬን። ለሐኪሟ የካደውን፣ ለልጁ የደበቀውን፣ ለማያውቀው ቀለም ቀቢ ተናገረ። ሰውየውም ፍራሹን ከኮፈኑ ላይ ያነሳ ጀመር።

ማዶ ጎሚስታ ነበር። ቀለም ቀቢውና ጎሚስታው ተጋግዘው መኪናዋን ገፍተው ከሱቁ ደጃፍ አቆሟት። የብስክሌቷ ጎማ እንደ እንጀራ ተጣጥፏል። ጋሽ ፍሬን ኪሱን ገልብጦ የጠፋውን ሁሉ ካሰው፤ ሰውየው አልፈልግም አላለም፣ ግን ከመሄዱ በፊት ሳይጠየቅ የመኪናዋን መስታወት በጨርቅ ጠረገለት። ቁልፉንም ነቅሎ እጁ ላይ አስቀመጠለት። «እንግዲህ አትንዳ ጋሼ» አለው። ልመና ነበር።

ጋሽ ፍሬን ለልጁ ደወለ። «መኪናዋ አስቸገረችኝ» አላት።

«አንተስ? አንተ ደህና ነህ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ። መኪናዋ ናት።»

«ስልኩን ለሰው ስጠውና የት እንደሆንክ ይንገረኝ። እንዳትንቀሳቀስ፣ መጣሁ።»

እንዳትንቀሳቀስ ማለቷ አስቆጣው፤ ወዴት ይንቀሳቀሳል? ጎሚስታው አሮጌ ጎማ ላይ ጣውላ አድርጎ አስቀመጠው፣ ውሃ ሰጠው፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። መኪናዎች በፊቱ ያልፋሉ። ሲመጡ አያያቸውም፣ ሲሄዱም አያያቸውም፤ በፊቱ ሲያልፉ ብቻ ብልጭ ይላሉ። እግሩ አቧራውን ይረግጣል። ልጁ መጥታ ምን ልታደርግ ነው? መንዳት እንደሆነ አትችል።

ያስተማራት፣ ወይም ያላስተማራት፣ እሱ ነው። ትምህርት ቤት እንደጨረሰች አንድ እሑድ ባዶ ሜዳ ይዟት ሄደ። መኪናዋ አንድ እርምጃ ስትራመድ እሱ ፍሬን ያዘ። እንደገና አስነሳች፣ እንደገና ያዘ። «ምን አጠፋሁ?» ስትለው «ምንም፤ እንዳታጠፊ ነው» ይላታል። የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን የሚይዘው ደንግጦ ነበር፤ የራሱ ስትሆን ግን ገና ሳይደነግጥ ያዘ። ያን ቀን መኪናዋ ከሜዳው ግማሽ አላለፈችም። ልጅቷ ሞተሩን አጠፋች፣ ወረደች፣ «አባዬ፣ አንተው ንዳው» ብላ በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። እሱም ነገሩን ሻይ ቤት ወስዶ ቀልድ አደረገው፤ «የኔ ልጅ ለመኪና አልተፈጠረችም» እያለ ስንት ዓመት ሰው አሳቀበት። አሁን ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲያስበው አንድም የሚያስቅ ነገር አጣበት።

ፀሐይዋ ስትበርድ ልጁ ከአንድ ሚኒባስ ወረደች። የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ነው የመጣችው። አቅፋ ሳመችው፣ ከዚያ ጥቂት ራቅ ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ከዚያ መኪናዋን አየች። ኮፈኑ ላይ የደረቀው ነጭ ቀለም ብዙ ይናገር ነበር። ጎሚስታው አንገቱን ደፍቶ ጎማውን ይነፋል።

«ቁልፉን ስጠኝ» አለች።

«ሹፌር ይፈለግ፤ ወይ እዚሁ ትደር።»

«ስጠኝ አባዬ።»

ሰጣት። የሹፌሩን በር ከፍታ ገባች። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች። የውስጡን ስፖኪዮ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ አስተካከለች፣ ቀጥሎ የግራውን፣ ቀጥሎ የቀኙን። ማርሹን ነካ አድርጋ ነፃ መሆኑን አረጋገጠች። ቁልፉን ስታዞረው «አስቸገረችኝ» የተባለችው መኪና በአንድ ጊዜ ተነሳች። ጋሽ ፍሬን እጁን በሩ ላይ አድርጎ ቆሞ ቀረ። ስፖኪዮ እንደዚያ የሚያስተካክል ሰው ለማጅ አይደለም። ይህን ለማወቅ ጎን ማየት አያስፈልገውም።

«መቼ ነው?» አላት ከጎኗ ሲቀመጥ።

«ልጄን ከመውለዴ በፊት።»

«መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ማን አስተማረሽ?»

ፍሬቻ አሳየች፣ በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ አየች፣ አስፋልቱ ላይ ወጣች። «አንዲት ሴትዮ ናት። ብዙ አታወራም። ዝም ብላ ነበር የምትቀመጠው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቀየመኛለህ ብዬ ነዋ።»

ጋሽ ፍሬን አልተቀየመም። ቢቀየም ይሻለው ነበር። ያሳደጋት ልጅ የሱን ሙያ ከሌላ ሰው ተምራ፣ ለእሱ አዝና ስትደብቀው ኖራለች። ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴትዮ። መስኮቱን አየ፤ በዚያ በኩል ደግሞ ምንም የለም።

ልጅቷ ደህና ትነዳለች። እግሩ ግን ይህን አይሰማም። ኩርባ ሲመጣ ምንጣፉን ረገጠ፤ መኪናዋ ቀዝቀዝ አለች። ከፊት ለፊት አውቶብስ ሲቆም ረገጠ፤ መኪናዋ ቀዝቀዝ አለች። አንዲት ሴት ከነልጇ ዳር ቆማ ስትጠብቅ ረገጠ፤ አሁንም ቀዝቀዝ አለች። ጋሽ ፍሬን ቀስ በቀስ ደስ አለው። ልክ እሱ በሚይዝበት ቦታ ትይዛለች፤ ያቺ እሑድ ለካ በከንቱ አልሄደችም፣ እጁ እሷ ላይ ቀርቷል አለ በልቡ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን ወንበሩ ላይ አሳረፈ።

ከዚያ ቀጥ ያለ ሜዳ መጣ። ሰው የለም፣ መኪና የለም፣ መንገዱ ተዘርግቶ ይታየዋል። አንዲት ቁራ ከአስፋልቱ ተነስታ በረረች፤ እግሩ ሳያስበው ወለሉን መታ። መኪናዋ ቀዘቀዘች።

ለቁራ? ደህና ሹፌር ለሄደች ቁራ ፍሬን አይዝም። ጋሽ ፍሬን ትንፋሹን ያዘ። ጥቂት ጠበቀና፣ ምንም በሌለበት፣ ሆን ብሎ ረገጠ። መኪናዋ ቀዘቀዘች። እግሩን አነሳ፤ ፍጥነቷን ጨመረች። አንዴ ደገመው። እንደዚያው ሆነ።

አንገቱን ወደ ግራው አዞረ፣ ልጁ ዓይኑ ውስጥ እስክትገባ ድረስ። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። ከዚያ ዓይኗ ወረደ፤ እግሩን፣ የሳሳውን ምንጣፍ፣ ሁለቱን የብሎን ቀዳዳ አይቶ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ወረደ። እየጠበቀችው ነው። እሱ በረገጠ ቁጥር ትይዝለታለች፤ ከጎሚስታው ጀምሮ ስታደርግ የመጣችው ይህን ነው። የእሱ ፍሬን ዛሬም እንደሚሠራ እንዲመስለው።

እናቷ ብትሆን እንዲህ ነበር የምታደርገው። ወዲያው ደግሞ በጣም ፈራ፣ ጠዋት ከፈራው ይልቅ። እግሩን የምታየው መንገዱን ትታ ነው። በዕድሜው ሁሉ ያስተማረው አንድ ነገር ቢኖር ዓይን ከመንገድ እንዳይነሳ ነበር፤ አሁን የልጁን ዓይን ከመንገድ የሚያነሳው የገዛ እግሩ ነው። አትርገጥ ቢለው እግሩ እንደማይሰማው ያውቃል። ስንት ዘመን ሲለምነው አልሰማውም።

ጫማውን አወለቀ። ጉልበቱ እየጮኸ፣ መጀመሪያ አንዱን ቀጥሎ ሌላውን እግሩን ወደ ወንበሩ አነሳና ታቅፏቸው ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ስር ደረሰ።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«እግሬ ደከመው። አንቺ መንገዱን እዪ።»

ሰረቅ አድርጋ አየችው። ገባት። ዓይኗን ወደ ፊት መለሰች፣ ከዚያ በኋላም አላነሳችውም። የጭነት መኪና ከፊታቸው መጣ፤ ሰፊ፣ ፈጣን፣ መሃሉን የያዘ። ጋሽ ፍሬን በዚያች በቀረችው ቀጭን ማያው ሲተልቅ ያየዋል። እግሮቹን አጥብቆ ያዘ። ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረም። ልጅቷ ዳሯን ይዛ አሳለፈችው።

ሲደርሱ መሸት ብሏል። የግቢው በር ጠባብ ነው፣ በሁለት የድንጋይ ምሰሶ መሃል። ባሏ ከፍቶ መብራቱን ከኋላው አድርጎ ቆሟል። ልጅቷ መኪናዋን ቀጥ አድርጋ አቆመችና፣ ለማጆች ሁሉ እንደሚሉት፣ አባቷን ጠየቀችው።

«በአንተ በኩል ይበቃል?»

ይበቃል ሊል አፉ ተከፍቶ ነበር። የለመደው ቃል ነው፤ ብሎትም ቢሆን መኪናዋ ሳትነካ ታልፍ ይሆናል፣ የነገውም ሥራ፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሁሉም ይቆይ ይሆናል። ወደ ቀኙ ዞረ። ፈለገ። ምሰሶው የለም።

«አይታየኝም ልጄ» አለ።

«ስለመሸ ነው?»

«አይደለም። ጎን አይታየኝም። ቆይቷል። ዛሬ ሰው ልገድል ነበር።» ጉልበቱን አየ። «ለዚያ ትምህርት ቤት፣ ሰውየው አይመጣም ብለሽ ንገሪያቸው።»

ልጅቷ መሪውን ለቀቀች። በሩን ከፍታ ወረደች፣ በፊት በኩል ዞራ ወደ እሱ ጎን መጣች፣ በመኪናዋና በምሰሶው መሃል መዳፏን አስገብታ ለካችው። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ የአባቷን ትከሻ ነካች።

«ይበቃል» አለችው።

ተመልሳ ገባች፣ የመጀመሪያ ማርሽ አስገባች፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀች። ጋሽ ፍሬን እግሮቹን ወንበሩ ላይ እንደታቀፈ፣ ተጭኖ ገባ።